ስለ እንዝርትና ስለ እናቶች ጊዜ

የታሪክ መጻሕፍትን የሚያነብ ወጣት ስለ ነገሥታት ዘውድ፣ ስለ ጦር አበጋዞች ጋሻ፣ ስለ ሊቃውንትም ካባ ብዙ ነገር ይማራል። ነገር ግን ያ ባለ ዘውድ፣ ያ ባለ ጋሻና ያ ባለ ካባ ከውስጥ የለበሰውን እጀ ጠባብ፣ ከላይም የተጎናጸፈውን ኩታ ማን እንደ ፈተለው የሚነግረው ገጽ እምብዛም አያገኝም። ልብስ ግን እንደ ሣር ከመሬት አይበቅልም። ከሸማኔው መወርወሪያ በፊት የአንዲት ሴት እንዝርት አለች፤ ከእንዝርቲቱም አጠገብ ብዙ ጊዜ የሚያለቅስ ሕፃን አለ። ስለዚህ የተወለድሁበትን የቆቦንና የራያን ቆላ ምሳሌ አድርጌ፣ እናቶች ልጅ እያሳደጉ የሚፈትሉበትን ጊዜ ከየት እንዳገኙት፣ ነገሩም ለእኛ ምን እንደሚያስተምረን ላስረዳ እወዳለሁ።

ቆቦ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ መቀሌ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። መንገደኛው ወልድያን ትቶ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ሰፊ ሜዳ ይቀበለዋል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሙቀቱ ብርቱ ነው። በስተ ምዕራቡ ወደ ላስታ የሚያወጣው ደጋ፣ በስተ ምሥራቁም የዞብል ተራሮች ቆመውለታል፤ ከዞብል ማዶ የአፋር አገር ነው። የራያ ገበሬ ማሽላና ጤፍ ያርሳል፣ ከብትም ያረባል፤ ዝናሙ በሚያንስበት ዓመት ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ እየመለሰ እርሻውን ያጠጣል። በዚህ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገናኛል፤ በአንዱ ቤት የተፈተለውን ክር የሌላው ቤት ሸማኔ ይሠራዋል፤ ልብሱም ለጥምቀትም ለዒድም ይለበሳል።

ወጣት አንባቢ የፈትልን ሥራ በመልክ እንጂ በዝርዝር ላያውቀው ይችላልና ቅደም ተከተሉን ባጭሩ ልንገረው። በመጀመሪያ ጥጡ ከፍሬው ይለያል። ይህ መዳመጥ ይባላል፤ ጥጡ በልዝብ ድንጋይ ላይ ተደርጎ ቀጭን ብረት ሲንከባለልበት ፍሬው እየተፈናጠረ ይወጣል። ቀጥሎ የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ጅማት እየተነደፈ ይፍታታል፤ እንደ ደመና ሲሳሳም ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው በቀጭን እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ሲወጣ አመልማሎ ይባላል። ከዚህ በኋላ ፈታይቱ አመልማሎውን በአንድ እጅዋ ይዛ፣ በሌላው እጅዋ እንዝርቲቱን ታሾራታለች፤ እንዝርቲቱ ስትሽከረከር ጥጡ እየተሳበ ይከርራል። እንዝርቲቱ ስትሞላ ክሩ ይጠነጠንና ልቃቂት ይሆናል። ልቃቂቱን የተቀበለ ሸማኔ በቁመት የሚዘረጋውን ድር፣ በወርድ የሚገባውን ማግ ብሎ ይለየዋል።

የእናቴ ቀን እንዲህ ነበር። ዶሮ ሲጮህ ተነሥታ ማሽላ ትፈጫለች፤ ጎሕ ሲቀድ ውሃ ትወርዳለች፤ ተመልሳ እንጀራ ትጋግራለች፤ እርሻ ለዋሉት ምሳ ትልካለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዱ ልጅ በአንቀልባ በጀርባዋ ታዝሏል፤ ሌላው ቀሚሷን ይዞ ይከተላል። እንዝርቷን የምታነሣው በእነዚህ ሥራዎች መካከል ትንሽ ክፍተት ስታገኝ ነበር። በመንደራችንም «እገሊት ዛሬ ሥራ የላትም፤ ተቀምጣ ትፈትላለች» ሲባል እሰማ ነበር። ንግግሩ ክፋት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ትልቅ ስሕተት ነበረበት። የምትፈትል ሴት ተቀምጣለች እንጂ ሥራ አልፈታችም።

እናቴ የሥራውን ዓይነት ከሰዓቱ ጋር ታስማማው ነበር። የመዳመጫው ብረትና ደጋኑ ለሕፃን እጅ አደገኛ ስለ ሆኑ፣ የጥጡም ብናኝ ለሕፃን ትንፋሽ ስለማይመች፣ መዳመጥና መንደፍ ልጁ ሲተኛ ወይም አያቱ ዘንድ ሲውል የሚሠራ ነበር። አመልማሎ ግን ልጅ እግሯ ሥር እየተጫወተም ይጠቀለላል። ለማግ የሚሆነው ወፈር ያለ ፈትል ቀን በልጆች ጫጫታ መካከል ይፈተላል፤ ለድር የሚሆነው ቀጭንና ጠንካራ ፈትል ግን ዓይንና ጣት ስለሚጠይቅ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ በኩራዝ ብርሃን ይፈተል ነበር። ጎረቤት ለቡና ስትጠራት እንዝርቷን በሙዳይ ይዛ ትሄዳለች፤ ቡናው ተቆልቶና ተወቅጦ እስኪፈላ ድረስ ጥቂት ክንድ ክር ይገኛል። ማሽላ በሚታጨድበትና በሚወቃበት ወራት እንዝርቲቱ ከግድግዳው ተሰክታ ትከርማለች፤ አዝመራው ተሰብስቦ በጋው ሲረዝም እንደገና ትወርዳለች።

ልጆችም ከሥራው ድርሻ ነበራቸው። ትንሹ ዶሮዎቹን ከባዘቶው ያባርራል፤ ከፍ ያለው ከጥጡ ውስጥ የቀረውን ፍሬ ይለቅማል፤ ትልቋ ልጅ የእናቷን ክር ታጠነጥናለች። ጎረቤታሞች ደግሞ በተራ ይረዳዱ ነበር፤ አንዷ የሁለቱንም ቤት ልጆች ስትጠብቅ፣ ሁለተኛዋ ጥጧን ትነድፋለች፤ በማግሥቱ ተራው ይለወጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ድሩ ከመሠራቱ በፊት በፈታዮቹ መካከል ይፈጸም ነበር ማለት ነው።

ይህ የእናቴና የጎረቤቶችዋ ብልሃት ብቻ አይደለም። ጁዲት ብራውን የተባሉ የሰው ልጅ ባሕል ተመራማሪ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ሴቶች በብዛት የሚይዙት ሥራ ልጅ ከመጠበቅ ጋር የሚስማማው ነው ሲሉ አስረድተዋል። እንዲህ ያለው ሥራ ተደጋጋሚ ነው፤ ቢቋረጥ በቀላሉ ይቀጠላል፤ ሕፃኑን ለአደጋ አያጋልጥም፤ ከቤትም አያርቅም። ኤልሳቤጥ ባርበር የተባሉ ሌላ ሊቅ ደግሞ በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው ይህንኑ ሐሳብ ይዘው፣ የሴቶችን የፈትልና የሽመና ታሪክ እስከ ጥንት ዘመን ወደ ኋላ ተከትለውታል።

እንግዲህ ይህን ሚዛን ወደ ራያ ቤት እናምጣው። ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ ቢተዉት ያርራል፤ ስለዚህ ልጁ ቢያለቅስም ይጠብቃል። ሸማኔው እግሩን በጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ፣ ከዘረጋው ድር ፊት ተቀምጦ ስለሚሠራ፣ በየጊዜው ልነሣ ቢል ሥራው ይበላሽበታል። በሬ የጠመደ ገበሬም በትልሙ መካከል ሕፃን ሊያባብል አይቆምም። እንዝርት ግን ትታገሣለች። ልጁ ሲወድቅ እናቲቱ እንዝርቷን በሙዳይዋ ጥላ ትነሣለች፤ ልጁን አንሥታ፣ አጥብታ፣ አስተኝታ ስትመለስ እንዝርቲቱ እዚያው ናት። ክሩ ቢበጠስም የተበጠሰውን ጫፍ ከአመልማሎው ጋር አገናኝታ ስታከረው አንድ ይሆናል፤ የተቀጠለበትም ቦታ አይታወቅም።

አንባቢ ሆይ፣ የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህ ሥራ ሊቋረጥ የሚችል በመሆኑ ሰዎች ቀላል ሥራ መሰላቸው። የሚቋረጥ ሥራ ግን የቀለለ ሥራ ማለት አይደለም፤ የሚያልቅበት ቀን የራቀ ሥራ ማለት ነው። ለማስረዳት ያህል ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አንድ ነጠላ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ይሁን፤ በአንድ ሳንቲ ሜትር ውስጥም 10 ክር ይግባ እንበል። ለድሩ 800 ክር በ2 ሜትር ተኩል ሲባዛ 2,000 ሜትር ይሆናል። ለማጉም እንደዚሁ 2,500 ክር በ80 ሳንቲ ሜትር ሲባዛ 2,000 ሜትር ነው። ድምሩ 4,000 ሜትር ይሆናል። ፈታይቱ በሰዓት 50 ሜትር ብትፈትል 80 ሰዓት ያስፈልጋታል። በቀን ከልጅና ከማጀት የሚተርፋት ግማሽ ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ይህ ነጠላ የ160 ቀን ሥራ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነውና የአራት ነጠላ ያህል ፈትል ቢፈጅ 640 ቀን፣ ማለት ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይሆናል። መዳመጡና መንደፉ ገና አልተቆጠረም። እንግዲህ አባት በብርድ ጊዜ የሚከናነበው ጋቢ የአንድ ልጅ ከመወለድ እስከ መሮጥ ያለ ዕድሜ ያህል የእናት ጊዜ ተከማችቶበታል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ቀድሞው ዘመን ዘወር ብንልም ይህን የመሰለ ድካም በአገራችን የቆየ መሆኑን እናያለን። በ1ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከገቡት ሸቀጦች መካከል ከግብፅ የመጣ ልብስንና ከህንድ የመጣ የጥጥ ጨርቅን ይቆጥራል። በ4ኛው ምዕተ ዓመት የነገሠው ንጉሥ ኢዛና ወደ ኖባና ወደ ካሱ ስለ ዘመተው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ከጠላት ወገን ከጠፋው ሀብት መካከል እህልና ጥጥ አብረው ተነሥተዋል። ጥጥ ከእህል አጠገብ መቆጠሩ ምን ያህል የተከበረ ሀብት እንደ ነበረ ያሳያል።

በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ዛሬ ሰሜን ወሎ በምንለው አገር ውስጥ በነበረው በአንጎት በኩል አልፎ ወደ ንጉሡ ሰፈር ሄዶአል። ይህ ሰው ከጎጃም ለንጉሡ የገባውን ግብር ሲዘረዝር ከ3,000 በቅሎና ከ3,000 ፈረስ ጋር 3,000 ወፍራም የጥጥ ልብስ ይጠቅሳል። ፈረሱን ያሳደገው ሜዳ ይታወቃል፤ ግብሩን ያስገባው ሹምም ይታወቃል። የ3,000ውን ልብስ ክር የፈተሉት ሴቶች ስም ግን በየትም አልተጻፈም። ከላይ ያደረግነውን ሒሳብ ያስታወሰ ሰው ግን በዚያ ቀን በንጉሡ ፊት ያለፈው የስንት እናቶች ሌሊት እንደ ነበረ ይገባዋል።

በአገራችን የእጅ ሥራ የተናቀበት ዘመን ረጅም ነው። አንጥረኛውና ሸማኔው በሙያቸው ይሰደቡ ስለ ነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ ደረሱ። ፈታይዋን ግን የሰደባት ሰው አልነበረም፤ ያስታወሳትም አልነበረም። ስድብ በአዋጅ ሊከለከል ይችላል፤ መርሳትን የሚከለክል አዋጅ ግን አይገኝም። እርሱን የሚያርመው የሰው ልቡና ብቻ ነው።

የፈታይዋ ድካም ዋጋ በግልጥ የታየው መኪና በመጣ ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር ጆን ኬይ በ1733 እ.ኤ.አ. የሸማኔውን መወርወሪያ የሚያፈጥን መሣሪያ አወጣ። አስቀድሞም አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ የብዙ ሴቶች ፈትል ያስፈልገው ነበርና፣ ሸማኔው ሲፈጥን ክር ጠፋ። ከዚህ የተነሣ ጄምስ ሃርግሪቭስ በ1764 እ.ኤ.አ. ገደማ ብዙ እንዝርት በአንድ ጊዜ የሚያሾር መሣሪያ ሠራ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፈትል ከቤት ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ገባ። ፋብሪካው ልብስን አርክሶ ድኻውን አለበሰ፤ ይህ ትልቅ በጎነት ነው። ነገር ግን እንደ እንዝርት አልታገሠም። የፋብሪካው መኪና ልጅ ሲያለቅስ አይቆምምና፣ እናት ከልጅዋና ከሥራዋ አንዱን ትታ መሄድ ግድ ሆነባት። ዛሬም በከተማ ተቀጥራ የምትሠራ እናት ያለባት ጭንቀት መነሻው ይኸው ነው።

በእኛም አገር በጣሊያን ወረራ ዘመን በድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የባሕር ዳሩ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዘመን በአዋሽ ሸለቆ በተንዳሆ ሰፊ የጥጥ እርሻ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ማድረግ ለመደ። በዚህም የፈታይቱ ሸክም እኩሌታ ቀለለ። የወፍጮ መኪና መምጣቱ ከድንጋይ ወፍጮ ሲያሳርፋት፣ የፋብሪካ ድር መምጣቱ ደግሞ ሌሊቱን መለሰላት። እድገት ማለት ለእናት እንቅልፍ የሚጨምር ነገር ነው ብል አንባቢ የሚፈርድብኝ አይመስለኝም።

ስለ ራያና ስለ ወሎ የሚጽፍ ሰው የረሃቡን ዘመን ዘልሎ ሊያልፍ አይገባውም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. በዚህ አውራ ጎዳና ዳርና በኮረም መጠለያ የደረሰውን እልቂት ዓለም ሁሉ አይቶታል። ችግር በጸናበት ቤት በመጀመሪያ ፍየሉና በጉ ይሸጣል፤ ቀጥሎ በሬው ይሸጣል፤ በመጨረሻ ወደ ገበያ የሚወጣው የቤት ዕቃና ልብስ ነው። በዚያን ጊዜ ገዢ ጥቂት፣ ሻጭ ብዙ ነውና ጋቢው በጥቂት ቁና እህል ይሄዳል። በ640 ቀን ቁርጥራጭ ጊዜ የተሰበሰበው ጥሪት ቤተ ሰቡን ለጥቂት ቀን ያሳድራል። ይህን ኪሳራ በገንዘብ ብቻ የሚገምት ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው። ነገር ግን ሌላም ወገን አለው፤ ያ ጋቢ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ቀኖች ባልተገኙም ነበር። «ሥራ የላትም፤ ተቀምጣ ትፈትላለች» የተባለችው ሴት ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ ስታስቀምጥ ነበር ማለት ነው።

ምናልባት አንድ አንባቢ «እንግዲያውስ ሴት ልጆች ሁሉ ወደ እንዝርት ይመለሱ ማለትህ ነውን?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት የሚለውን ተረት ልደግፍ አልተነሣሁም። በጥንቱ ጊዜ ለእናቷ ክር ስታጠነጥን የዋለች ልጅ ፊደል ሳትቆጥር ትቀር ነበር፤ ይህም ጉዳት ነበር። ዛሬ የቆቦ ሴት ልጅ ደብተሯን ይዛ ስትሄድ ሳይ ደስ ይለኛል እንጂ አላዝንም። እኔ የምለው እናት ያላትን ጥቂት ጊዜ በብልሃት ስለ ተጠቀመች ጊዜ አላጠራትም ብለን እንዳንፈርድ ነው። ብልሃቷ የእርስዋ ምስጋና ነው፤ የጊዜዋ ማጠር ግን የቤተ ሰቡ ሁሉ ዕዳ ነው።

ዛሬ በከተማ እንዝርት ሳይሆን የሹራብ መርፌና ኪሮሽ የያዘች እናት እናያለን። ጠባዩ አንድ ነው፤ ስለዚህም ከራያ ፈታዮች የምትማረው አለ። በመጀመሪያ፣ ልጆች በሚነቁበት ሰዓት ቁጥር የማይጠይቀውን ቀጥተኛውን ሥራ ትያዝ፤ ጥልፍልፉንና ቆጠራ ያለበትን ለሌሊት ታቆየው። ሁለተኛ፣ ስለት ያለውንና የሚወጋውን መሣሪያ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ታኑር። ሦስተኛ፣ ሥራዋን ሁልጊዜ በአንድ ዕቃ ሰብስባ ታስቀምጥ፤ ያገኘችውን ሩብ ሰዓት ዕቃ በመፈለግ እንዳትጨርሰው። አራተኛ፣ ለትልቅ ሥራ ትልቅ ጊዜ አትጠብቅ፤ ሕፃን ባለበት ቤት ትልቅ ጊዜ አይመጣምና። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው።

ለወጣቶች ሁሉ የሚሆነው ትምህርት ግን ከዚህ ይሰፋል። ተማሪው «ጊዜ አጣሁ» እያለ ሲያማርር፣ ጊዜ ማለት የግድ ሙሉ ቀን መስሎት እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር። ግማሽ ሰዓት ካልተናቀ በዓመት ውስጥ ልብስ ይሆናል፤ ለአንባቢም መጽሐፍ ይሆናል። ደግሞም የሰውን ሥራ በጫጫታው አንመዝን። ጅራፍ የሚያጮህ ገበሬ፣ መወርወሪያው የሚንኳኳ ሸማኔ ሲሠራ ይሰማል፤ እንዝርት ግን ድምፅ የላትም። ድምፅ የሌለው ሥራ የሚታወቀው ሲጎድል ነው። ስለዚህ ሥራን ለመመዘን «ይህ ባይሠራ ምን ይጎድላል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ሣጥን ውስጥ አንድ አሮጌ ጋቢ ወይም ነጠላ ቢኖር አውጥተህ ወደ ብርሃን ያዘውና ክሩን ተመልከት። አንዳንዱ ቦታ ወፈር፣ አንዳንዱ ቦታ ቀጠን ያለው የፈታይቱ እጅ ስለ ሰነፈ አይደለም፤ በዚያ ቦታ አንድ ልጅ ጠርቷት ይሆናል። ከዚያም እናትህን ወይም አያትህን ማን እንደ ፈተለው፣ መቼም እንደ ፈተለችው ጠይቅ፤ የምትሰማውን ጻፈው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ካልተጻፈ ከተናጋሪው ጋር ያልፋልና። ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት ካለህ ደግሞ ምስጋናህን በቃል ብቻ አታድርገው። ዛሬ ማታ ሕፃኑን ተቀበላትና አንድ ሰዓት ያዝላት። በዚያች ሰዓት ፈትል ትፈትል፣ ሹራብ ትሥራ፣ ወይም ትተኛ፤ እርስዋ ታውቃለች።